የሚሟሟው ርብራብ፦ ከአይጧ ጆሮ እስከ ስቶክሆልሙ ቧንቧ

ጀርባዋ ላይ የሰው ጆሮ የተሸከመችውን አይጥ ፎቶ ያላየ የኢንተርኔት ተጠቃሚ ማግኘት ይከብዳል። ብዙዎቻችን ዳዴ ሳንል የተነሳው ፎቶ በኢሜይል ዞሮ፣ ፌስቡክን አቋርጦ ቴሌግራም ላይ ሰፍሯል። በደረሰበት ሁሉ ደግሞ አዲስ ወሬ ይለጠፍበታል። አንዱ «የሰውና የአይጥ ዘር ተደባለቀ» ይላል። ሌላው ስምንተኛው ሺህ ለመድረሱ ማስረጃ ያደርገዋል።

ወሬው ቢበዛም እውነቱ አጭር ነው። አይጧ ውስጥ የሰው ዘረመል አልገባም። ጀርባዋ ላይ ያለው ጆሮ አንድም የሰው ሴል የለውም፤ አይሰማምም። ቅርጹ ከሦስት ዓመት ሕፃን ጆሮ ተቀዳ፤ ሴሎቹ ከጥጃ መገጣጠሚያ ተወሰዱ፤ ሴሎቹን የተሸከመው ደግሞ ቀስ በቀስ ሟሙቶ የሚጠፋ ሰው ሠራሽ ቁስ ነበር።

እኛን ከፎቶው በላይ የሚገርመን ይህ የመጨረሻው ነገር ነው። ከተማችን ውስጥ ሕንፃ ሲሠራ ግንበኛው የሚቆምበትን የባህር ዛፍ ርብራብ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሕንፃው እስኪቆም ይሸከማል፤ ሲያልቅ ይነሳል። ቀድሞ ከተነሳ ሥራው ይፈርሳል፤ ሳይነሳ ከቀረ ደግሞ ሕንፃው ሕንፃ አይመስልም። የተጎዳ አካልን በሴል ለመጠገን የተነሱ ሳይንቲስቶች መቶ ዓመት በፈጀ ጉዞ ሲፈልጉ የኖሩት እንዲህ ያለውን ርብራብ ነው። ዛሬ የምንተርክላችሁ የእርሱን ታሪክ ነው። ታሪኩ ግን ተስፋ ብቻ አይደለም። መሐሉ ላይ አንድ ደረጃ የተዘለለበትና የጎረቤታችን የኤርትራ ልጅ ሕይወት ያለፈበት ምዕራፍ አለው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

አልሞትም ያለው የዶሮ ልብ

በ1907 ሮስ ሃሪሰን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከእንቁራሪት ፅንስ ትንሽ ቁራጭ ወስዶ በእንቁራሪት ሊምፍ ጠብታ ውስጥ አኖረው። የነርቭ ሴሎቹ አልሞቱም። እንዲያውም ቀጭን ክር እየዘረጉ ሲያድጉ በማይክሮስኮፕ ታዩ። ሴል ከባለቤቱ ተለይቶም መኖርና ማደግ እንደሚችል የታየው እንዲህ ነው።

ከዚያ አሌክሲ ካሬል መጣ። ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም በኒውዮርኩ ሮክፌለር ተቋም ውስጥ በ1912 ከዶሮ ፅንስ ልብ የተወሰደ ቁራጭ ማሳደግ ጀመረ። በዚያው ዓመት የደም ሥርን በመስፋትና በንቅለ ተከላ ላይ በሠራው ሥራ የኖቤል ሽልማት ተሸለመ። ሽልማትና ዝና ያለው ሰው ሲናገር ማን ደፍሮ ይጠይቃል? «የካሬል የዶሮ ልብ አይሞትም» ተባለ፤ ጋዜጦች አራገቡት። ካሬል ራሱ በ1944 ሲሞት ሴሎቹ ግን እስከ 1946፣ ለ34 ዓመታት እንደኖሩ ተነገረ።

ችግሩ ሌላው ሰው ሲሞክረው አለመሥራቱ ነበር። ላቦራቶሪዎች ሴሎቻቸው ሲሞቱባቸው ጥፋቱ የራሳቸው እየመሰላቸው ቆዩ። በ1961 ሌናርድ ሄይፍሊክ ጤናማ የሰው ሴል 50 ጊዜ ያህል ከተከፈለ በኋላ መከፈሉን እንደሚያቆም አሳየ። ዛሬ የካሬልን ተአምር የሚያምን የለም ማለት ይቻላል። ከተሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ ለሴሎቹ ይሰጥ የነበረው ከዶሮ ፅንስ የተጨመቀ ምግብ ራሱ አዳዲስ ሴል ይዞ ይገባ ነበር የሚል ነው። አንድ ትልቅ ስም አንድን ሙያ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ አሳስቷል። ይህቺን ነገር ያዟት፤ ስቶክሆልም ስንደርስ ታስፈልገናለች።

ግንዱ የተገኘው በአይጥና በጊኒ ፒግ ነው

ተራ ሴል መከፈሉን የሚያቆም ከሆነ ሰውነታችን በየቀኑ የሚያልቀውን ደም ከየት ያመጣዋል? መልሱ ቶሮንቶ ውስጥ ተገኘ። ጄምስ ቲልና ኧርነስት መኩሎክ በ1961 ባሳተሙት ሥራ፣ በጨረር መቅኔያቸው ለተጎዳ አይጦች የጤነኛ አይጥ መቅኔ ሰጧቸው። ከቀናት በኋላ የአይጦቹ ጣፊያ ላይ ትንንሽ እብጠቶች ወጡ። ቆየት ብሎ እያንዳንዱ እብጠት ከአንድ ሴል ብቻ የተገኘ መሆኑ ተረጋገጠ። ያ አንድ ሴል ራሱንም ይተካል፣ የተለያዩ የደም ሴሎችንም ይወልዳል። ስቴም ሴል የሚባለው ይኼ ነው፤ እንደ ስሙ ግንድ ነው፤ ሌሎቹ ሴሎች ቅርንጫፎቹ ናቸው።

በዚያው ዘመን ሞስኮ ውስጥ በጋማሌያ ተቋም አሌክሳንደር ፍሪደንስታይን የተባለ ተመራማሪ የዚያው መቅኔ ሌላ ገጽ ላይ ይሠራ ነበር። ከጊኒ ፒግ መቅኔ ወስዶ ሲያሳድግ በሳህኑ ላይ ተጣብቀው የሚራቡ ሴሎች አገኘ። እነዚህ ደም አይሠሩም፤ አጥንት ይሠራሉ። ዓለም በቀዝቃዛው ጦርነት ለሁለት ተከፍሎ ስለነበር ሥራው በምዕራቡ በቂ ትኩረት እስኪያገኝ ዓመታት ፈጀ። አሜሪካዊው አርኖልድ ካፕላን በ1991 «ሜዘንካይማል ስቴም ሴል» የሚለውን ስም ካወጣላቸው በኋላ ግን ዝናቸው ናኘ። አጥንትን፣ ስብንና ጆሯችንን ስናጥፈው የሚታጠፈውን ለስላሳ አጥንት መሥራት የሚችሉ ሴሎች ከራስ መቅኔ በመርፌ ይቀዳሉ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይጎድላል። ሴል ብቻውን ጭቃ ነው። ጭቃ ግድግዳ እንዲሆን ማገር ይፈልጋል።

ማገሩ ከስፌት ክር መጣ

ሐኪሞች ለብዙ ዘመን ቁስል ይሰፉ የነበረው ከበግና ከከብት አንጀት በሚሠራ ክር ነው፤ እንደ ድሮው የክራር ክር። ክሩ ሰውነት ውስጥ ቀስ ብሎ ይበላል። ግን ሰውነት እየተቆጣበት ያስቸግር ነበር። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኬሚስቶች በላቦራቶሪ የተሠራ የሚሟሟ ክር ይዘው መጡ። ሁለቱ ዋና ቁሶች ፖሊግላይኮሊክ አሲድና ፖሊላክቲክ አሲድ ይባላሉ።

ስማቸው ይክበድ እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ላክቲክ አሲድ እርጎን የሚያኮመጥጠው፣ ስንሮጥም ጡንቻችን ውስጥ የሚፈጠረው ነገር ነው። ፖሊላክቲክ አሲድ ማለት እነዚህ ቅንጣቶች እንደ ዶቃ ተሰክተው ማለት ነው። ሰውነት ውስጥ ያለው ውሃ ዶቃውን ከክሩ ይፈታዋል፤ የተፈታውን ሰውነት ያውቀዋልና በመጨረሻ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ አድርጎ ያስወጣዋል። የሁለቱን ቁሶች መጠን በማቀያየር ርብራቡ በሳምንታት ወይም በወራት እንዲሟሟ ማድረግ ይቻላል።

ሌላው መንገድ ማገሩን ከእንስሳ መውሰድ ነበር። ቦስተን ውስጥ ቀዶ ሐኪሙ ጆን በርክና ትውልደ ግሪኩ የኤምአይቲ መሐንዲስ ዮአኒስ ያናስ ከከብት ኮላጅንና ከሻርክ ለስላሳ አጥንት በወጣ ንጥረ ነገር ስፖንጅ መሰል ሽፋን ሠሩ። በ1981 ከባድ ቃጠሎ የደረሰባቸውን ሰዎች ለማከም እንደተጠቀሙበት አስታወቁ። ሽፋኑ ለአዲሱ ቆዳ መሠረት ይሆንና ራሱ ይጠፋል። እዚያው ቦስተን አካባቢ ሃዋርድ ግሪንና ጄምስ ራይንዋልድ በ1975 የሰው ቆዳ ሴል በአይጥ ሴል ምንጣፍ ላይ በብዛት ማሳደግ ችለው ነበር። በ1983 ከሰውነታቸው ከ95 በመቶ በላይ የተቃጠሉ ሁለት ሕፃናት ወንድማማቾች ከራሳቸው ትንሽ ቆዳ በበቀለ ሰፊ ቆዳ ተሸፍነው ከሞት ተረፉ።

የባህር አረም ያሳየው መንገድ

ጆሴፍ ቫካንቲ ቦስተን ውስጥ የሕፃናት ጉበት ንቅለ ተከላ ሐኪም ነበር። ሕፃናቱ የሚሞቱበት ሙያው አንሶ አልነበረም፤ ለጋሽ እየጠፋ ነው። ከጓደኛው ከኤምአይቲው ኬሚካል መሐንዲስ ሮበርት ላንገር ጋር ሆኖ ሴልን በሚሟሟ ፕላስቲክ ላይ ለማብቀል ሞከረ። ግን አንድ ግድግዳ ገጠማቸው። ሴል ምግብና ኦክስጅን የሚያቀብለው ደም ሥር ከ0.2 ሚሊሜትር በላይ ከራቀው ይራባል። ወፍራም ቁራጭ ከተሠራ መሐሉ ይሞታል፤ ስስ ከሆነ ጉበት አይሞላም።

ቫካንቲ በ1986 ባህር ዳር ተቀምጦ ውሃ ውስጥ ቅርንጫፍ እያወጣ የተንሰራፋ የባህር አረም ሲያይ ሐሳቡ መጣለት። ቅርንጫፍ በበዛ ቁጥር በትንሽ ቦታ ብዙ ገጽ ይገኛል። ርብራቡም ቅርንጫፋማ ቢሆን እያንዳንዱ ሴል ለምግቡ ቅርብ ይሆናል። በ1988 የመጀመሪያውን ጽሑፍ አወጡ፤ በ1993 ደግሞ ሁለቱ «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ያሳተሙት ጽሑፍ ለሙያው እንደ መመሥረቻ ሰነድ ሆነ።

ጆሮዋን የተሸከመችው አይጥ የዚህ ቤተሰብ ልጅ ናት። የጆሴፍ ወንድም ቻርልስ ቫካንቲና ባልደረቦቹ ጽሑፋቸውን ያሳተሙት በ1997 ነው። አይጧ የበሽታ መከላከያዋ ደካማ ከሆነና ፀጉር ከሌለው ዝርያ ስለሆነች የጥጃውን ሴል አልገፋችም። 12 ሳምንት ሲሞላ ርብራቡ እየሟሟ የጆሮ ቅርጽ ያለው ለስላሳ አጥንት በቦታው ተገኘ። ጆሮ የተመረጠውም ያለ ምክንያት አይደለም። ለስላሳ አጥንት የራሱ ደም ሥር የለውም፤ ስለዚህ ያን የረሃብ ግድግዳ ማለፍ ይችላል። እስከ ዛሬም ቆዳና ለስላሳ አጥንት ቀድመው፣ ጉበትና ኩላሊት ወደ ኋላ የቀሩት በዚሁ ነው።

በ1999 የዘረመል ምህንድስናን የሚቃወም አንድ ቡድን ይህቺኑ አይጥ በኒውዮርክ ታይምስ ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ አውጥቶ ዘረመሏ የተለወጠ አስመሰላት። የዛሬው የቴሌግራም ወሬ አያት እንግዲህ ይኼ ነው።

ጥንቸሎቹ፣ በጎቹ፣ አይጦቹ

የጥጃው ሴል የበሰለ ሴል ነበር፤ ስቴም ሴል አልነበረም። ግንዱንና ማገሩን ያገናኙት ስማቸው ብዙም ያልተነሳ ሌሎች ሙከራዎች ናቸው። በ1994 ዋኪታኒ የተባለ ጃፓናዊ ሐኪምና እነ ካፕላን የጥንቸል ስቴም ሴል በኮላጅን ጄል አድርገው የተጎዳ የጥንቸል ጉልበት ውስጥ ከተቱ። ለስላሳ አጥንት በቀለ፤ ጥንካሬው ግን የተፈጥሮውን ያህል አልነበረም። ይህንኑ በግልጽ ጻፉት።

በ2000 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ከበግ እግር ላይ አጥንት ቆርጠው አወጡና ክፍተቱን በባህር ኮራል ሞሉት። ኮራሉ ብቻውን ሲገባ ክፍተቱ አልተዘጋም። የበጉን የራሱን የመቅኔ ሴል ተሸክሞ ሲገባ ግን አጥንት በቀለ፤ ኮራሉ እየሟሟ በአንዳንዶቹ በጎች እግሩ ገጠመ።

በ2002 ደግሞ እነ ላንገርና የነርቭ ስቴም ሴል ተመራማሪው ኢቫን ስናይደር ህብለ ሰረሰራቸው በከፊል የተቆረጠ አይጦች ላይ ሞከሩ። የአይጥ የነርቭ ስቴም ሴል የተዘራበት የሚሟሟ ርብራብ የገባላቸው አይጦች የኋላ እግራቸውን ምንም ካልተደረገላቸው የተሻለ ተጠቀሙ። አስገራሚው ያለ ሴል ባዶ ርብራብ የገባላቸውም በመጠኑ መሻላቸው ነው። ርብራቡ ዕቃ መጫኛ ብቻ አልነበረም ማለት ነው፤ ሥራ ይሠራል። በ2006 ከፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት ይህን አጠነከረው። ስቴም ሴል እንደ አንጎል በለሰለሰ ነገር ላይ ሲቀመጥ የነርቭ፣ እንደ ጡንቻ በጠነከረ ላይ የጡንቻ፣ ከዚያም ሲጠጥር የአጥንት ሴል ጠባይ ያዘ። ለካ ሴል የተቀመጠበትን ያዳምጣል።

ከእነዚህ አንዱም ፎቶ ቴሌግራም ላይ አልዞረም። ሙያውን የተሸከሙት ግን እነርሱ ናቸው። እያንዳንዱ እንስሳ አንድ ጥያቄ መለሰ፤ አንድ «አልሠራም»ም አስመዘገበ።

ስቶክሆልም 2011

አሁን ወደዚያ ልጅ እንምጣ። አይስላንድ ይማር የነበረ ኤርትራዊ ወጣት በመተንፈሻ ቧንቧው ላይ ዕጢ ወጣበት። ስዊድን ወደሚገኘው ካሮሊንስካ ሆስፒታል ተላከ። እዚያ ጣሊያናዊው ቀዶ ሐኪም ፓውሎ ማኪያሪኒ ነበር። በ2008 ባርሴሎና ውስጥ ከሟች በተወሰደና በታካሚዋ ሴል በተሸፈነ የመተንፈሻ ቧንቧ ዝናን ያተረፈ ሰው ነው።

ሰኔ 2011 ላይ የወጣቱ ቧንቧ ተቆርጦ ለንደን በተሠራ ፕላስቲክ ቧንቧ ተተካ። ከመቅኔው የተቀዳ ስቴም ሴል ለሁለት ቀን ያህል ፕላስቲኩ ላይ ተዘርቶበታል። ዓለም አጨበጨበ። ታላቁ የሕክምና መጽሔት «ላንሴት» በዚያው ዓመት መጨረሻ ጽሑፉን አወጣ፤ ታካሚው ደህና ነው ተባለ።

እስቲ እስካሁን በተረክነው እንመዝነው። አንደኛ፣ ይህ ርብራብ አይሟሟም፤ ፕላስቲክ ገባ፣ ፕላስቲክ ሆኖ ቀረ። ሁለተኛ፣ ደም ሥር የለውም። ሦስተኛውና ትልቁ፣ ጥንቸሉም በጉም የሉም። ቧንቧው ሰው ደረት ከመግባቱ በፊት በእንስሳት ላይ በአግባቡ እንዳልተሞከረ ኋላ የተደረጉ ምርመራዎች አረጋግጠዋል። በጎቹ ሊመልሱት የሚገባው ጥያቄ ለአንድ ስደተኛ ተማሪ ደረት ተተወ።

ወጣቱ በጥር 2014 ሞተ። ካሮሊንስካ ውስጥ ፕላስቲክ ቧንቧ የተተከለላቸው ሦስቱም ሰዎች ዛሬ በሕይወት የሉም። አራት ባልደረቦቹ ሐኪሞች የታካሚዎቹን መዝገብና የታተመውን ጽሑፍ አነጻጽረው «አይገጥምም» ብለው አመለከቱ። ተቋሙ በ2015 ማኪያሪኒን ከጥፋት ነጻ አለው። ነገሩ የተገለበጠው በጥር 2016 የስዊድን ቴሌቪዥን ተከታታይ ዘጋቢ ፊልም ካሳየ በኋላ ነው። የተቋሙ ኃላፊ ለቀቁ፤ ማኪያሪኒ ተባረረ። ላንሴት የ2011ዱን ጽሑፍ በ2018 ሰረዘው። በ2023 የስዊድን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በሦስቱም ታካሚዎች ጉዳይ ጥፋተኛ ብሎት የሁለት ዓመት ከመንፈቅ እስራት ፈረደበት። እርሱ ጥፋቱን አላመነም።

ጋዜጠኝነት ለተማርነው ለእኛ ይህ ታሪክ ሁለት ፊት አለው። በ2016 እውነቱን ያወጣው ሚዲያ ነው፤ በዚህ ደስ ይለናል። በ2011 ያለ ጥያቄ ያጨበጨበውም ሚዲያ ነው። የካሬልን ዶሮ ያራገቡ ጋዜጦች የልጅ ልጆች ስቶክሆልም ላይ ነበሩ።

ደረጃ መውጣት ዋስትና ነወይ?

አይደለም። ይህንም መናገር አለብን። ሐኪሙ አንቶኒ አታላ የሽንት ፊኛን በሚሟሟ ርብራብ ላይ አብቅሎ መጀመሪያ በውሾች ሞከረ፤ ውጤቱን በ1999 አሳተመ። ከዚያ በ2006 በሰባት ልጆችና ወጣቶች ላይ የተገኘ ጥሩ ውጤት አወጣ። ሌሎች ሐኪሞች በተመሳሳይ መንገድ ያደረጉት ሙከራ በ2014 ሲታተም ግን ፊኛው እንዳልተሻሻለና የደረሰው ጉዳትም ተቀባይነት ካለው ልክ ማለፉን አሳየ። ደረጃው ሁሉ ተወጥቶም አልተሳካም። ልዩነቱ ውድቀቱ በአደባባይ መጻፉ ነው። ከዚያ የሚቀጥለው ሐኪም ያንን አንብቦ ይጠነቀቃል። ስቶክሆልም ላይ ግን ውድቀቱ ስኬት ተብሎ ስለተጻፈ ሁለተኛውና ሦስተኛው ታካሚ ተከተሉ።

በተቃራኒው የአይጧን ጆሮ መጨረሻ ተመልከቱ። በ1997ቱ ጽሑፍ ላይ ስሙ ከፊት የነበረው ካኦ ዪሊን ወደ አገሩ ቻይና ተመልሶ ከባልደረቦቹ ጋር ሥራውን ቀጠለ። በ2018 አንድ ጆሯቸው ሳያድግ የተወለዱ አምስት ልጆች ከራሳቸው ሴል በሚሟሟ ርብራብ ላይ የበቀለ ጆሮ እንደተደረገላቸው ተዘገበ። ከአይጧ እስከ ልጆቹ 21 ዓመት! ለዜና የማይመች፣ ለታካሚ ግን የሚበጅ ፍጥነት ነው።

ነገሩ ሩቅ አይምሰለን። ዛሬ በብዙ አገር ያሉ ክሊኒኮች ያልተረጋገጠ «የስቴም ሴል ሕክምና» በኢንተርኔት እያስተዋወቁ ይሸጣሉ። ቤት ንብረቱን ሸጦ፣ ከዘመድ ተዋጥቶለት ለሕክምና ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው በሁላችንም ሰፈር አለ። ማስታወቂያውን ያየ ዘመድ ምክር ሲጠይቃችሁ ከመቶ ዓመቱ ታሪክ ሦስት ጥያቄ ይዛችሁ ቅረቡ። ይህ ሕክምና ከሰው በፊት በየትኛው እንስሳ ላይ ተሞከረ? ከእናንተ ሌላ ማን ደግሞት ሠራለት? ያልተሳካላቸው ታካሚዎች ስንት ናቸው፣ የትስ ተጻፈ? ለሦስቱ መልስ የሌለው ሐኪም ስሙ የፈለገውን ያህል ቢገን ገንዘቡ ኪሳችሁ ይቆይ።

ቸር እንሰንብት።